ኮምቦልቻ – አዲስ አበባ በአየር፦ 18 ደቂቃ፣ 48 ደቂቃ ወይስ 1 ሰዓት?

ሰኞ ገበያ
መርሐባ ጀማው። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በአየር ስንት ኪሎሜትር ነው? ኢንተርኔት ላይ ያለው እርስ በርሱ አይገጥምም። ርቀቱን አንዱ 253፣ አንዱ 157፣ አንዱ 137 ይላል። ጊዜውንም አንዱ 18 ደቂቃ፣ ሌላው 48 ደቂቃ ይለዋል፤ ቲኬቱ ላይ ግን 1 ሰዓት ገደማ ነው የተያዘው። በመኪና ከደሴ የምናውቀው 400 ነው። የቱን እንመን? ከደሴ ፒያሳ ወጥቶ አዲስ አበባ መርካቶ እስኪገባስ ጠቅላላው ስንት ሰዓት ይያዝ? ቲኬቱ ለእናት ነው፤ በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚነግረኝ ባገኝ።

ካርታና ኮምፓስ
አብሽር፣ ሦስቱም ርቀት ልክ ነው። መለኪያው ነው የተለያየው። 253 ኪሎሜትር ነው፣ 157 በተራ ማይል ነው፣ 137 ደግሞ በኖቲካል ማይል። ተራ ማይል 1.609 ኪሎሜትር ሲሆን ኖቲካሉ 1.852 ነው፤ አብራሪና የበረራ ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩት በኖቲካሉ ነው። ድረ ገጹ ዝም ብሎ «ማይል» ብሎ ሲተወው ነው ጣጣው።

ማንንም ሳታምን በወረቀት ልታሰላው ትችላለህ። ቦሌ ኬክሮሱ 8.98፣ ኬንትሮሱ 38.80 ነው። የኮምቦልቻው አውሮፕላን ማረፊያ 11.08 እና 39.71። ልዩነቱ በሰሜን-ደቡብ 2.10 ዲግሪ፣ በምሥራቅ-ምዕራብ 0.91 ዲግሪ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ 110.6 ኪሎሜትር፣ አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 109.6 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል፤ ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር ኬንትሮሶች ስለሚቀራረቡ ነው ሁለተኛው የሚያንሰው። እንግዲህ 232 ኪሎሜትር በአንዱ ጎን፣ 100 ኪሎሜትር በሌላው። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተህ ደምረው፣ 63,800 ይመጣል፤ ካሬ ሥሩ 253 ነው። ርቀቱ አጭር ስለሆነ የምድር ክብነት እዚህ ላይ ሒሳቡን አያዛባም። ለቤይሩት ወይም ለዱባይ ግን ይህን ዘዴ አትጠቀም።

ሰው የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። የቦሌ ኬክሮስ በዲግሪና በደቂቃ ሲጻፍ 8 ዲግሪ ከ58 ደቂቃ ነው። ይህን 8.58 ብለህ ከጻፍከው ወደ 44 ኪሎሜትር ተሳሳትክ፤ ደቂቃው ለ60 መካፈል አለበት። አንዳንዱ «300 ኪሎሜትር ሊሞላ ነው» የሚል መልስ የሚያመጣው በዚህ ነው።

ጦሳ ሥር
ካርታና ኮምፓስ፣ ይህ እንግዲህ ከኮምቦልቻ ነው። ደሴስ? ስፈልግ «ደሴ» ብዬም «ኮምቦልቻ» ብዬም ያው በረራ ነው የሚመጣው።

ካርታና ኮምፓስ
ማረፊያው አንድ ስለሆነ ነው። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፣ የዓለም አቀፉ ኮዱ ግን ዲ ኤስ ኢ ነው፤ ደሴ ከሚለው የተወሰደ። ሻንጣው ላይ በሚለጠፈው ወረቀት ዲ ኤስ ኢ ካየህ አትደንግጥ፣ ኮምቦልቻ ነው የሚወርደው።

ከደሴ መሐል ከተማ እስከ መስቀል አደባባይ በቀጥታ መስመር ብትለካም አጋጣሚ ሆኖ ያው 253 አካባቢ ነው የሚመጣው። ይልቅ የሚገርመው ሌላው ነው፦ ደሴ መሐል ከተማና የኮምቦልቻ ማረፊያ በቀጥታ መስመር 10 ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚራራቁት። በመንገድ ግን ከ20 በላይ ነው። በመካከሉ 600 ሜትር ያህል ቁልቁለት አለ፣ ሐረጎ የሚባለው ቁልቁለቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ስለዚህ «ማረፊያው 10 ኪሎሜትር ነው» የሚል ድረ ገጽ አይቶ ከቤት የሚወጣ ሰው በረራው ያመልጠዋል።

ማኮብኮቢያ
ርቀቱ ተመልሷል፣ ጊዜውን እኔ ልያዝ።

18 ደቂቃ እና 48 ደቂቃ የሚሉት ሁለቱም የማሽን ስሌት ናቸው። መጀመሪያው 253ን ለ850 ኪሎሜትር በሰዓት አካፍሎ ያቆመ ነው። 850 የትልቅ ጄት ፍጥነት ነው፣ ያውም ከፍታውን ጨርሶ ሲበር። ሁለተኛው በዚያው ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ 30 ደቂቃ የደመረ ነው፤ 18 ሲደመር 30። ከኮምቦልቻም ሆነ ከቦርከና ሸለቆ ጋር ምንም የሚያገናኘው ነገር የለም። ለየትኛውም ሁለት ከተማ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። 48ቱ ለእውነቱ መቅረቡ ዕድል ነው።

በዚህ መስመር የሚበረው በአብዛኛው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። ሲቀና እስከ 660 ኪሎሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ እኔ ለስሌት 600 እይዛለሁ። አንድ በረራ እንዴት እንደሚከፋፈል በግምት ላሳይህ፦

ኮምቦልቻ 1,864 ሜትር ላይ ነው፣ 6,100 ጫማ ማለት ነው። ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን ተጋማሽ (ለሁለት እኩል የሚከፈል) የሺ ጫማ ከፍታ ይይዛል፤ 18,000 ወይም 20,000። 17,000 እና 19,000ን የሚይዙት ከአዲስ አበባ ወደ እናንተ የሚመጡት ናቸው፤ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ነው እንደዚህ የተከፈለው። 18,000 ብንይዝ 12,000 ጫማ ያህል መውጣት አለበት። በደቂቃ 1,500 ጫማ ቢወጣ 8 ደቂቃ ነው፣ በዚያ ውስጥ 60 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል።

መውረጃውን ደግሞ አብራሪዎች በቀላል ሒሳብ ይይዙታል፦ ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው፣ ከ7,600 ጫማ በላይ። ስለዚህ የሚወርደው 10,300 ጫማ ያህል ነው፣ 31 ኖቲካል ማይል፣ 57 ኪሎሜትር። ይህ 8 ደቂቃ ይወስዳል።

ከ253ቱ 60ውንና 57ቱን ስትቀንስ 136 ኪሎሜትር ይቀርሃል። በ600 ሲበር 14 ደቂቃ አይሞላም። እንግዲህ «በረራ» የምትለው፣ አውሮፕላኑ ተስተካክሎ የሚሄድበት፣ ይህችው ናት። አስተናጋጇ ውኃ አዙራ ሳትጨርስ መውረድ ይጀመራል።

እዚህ ላይ የማረፊያ አሰላለፍ ይጨመራል። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ምሥራቅ-ምዕራብ ነው የተዘረጉት፣ ቁጥራቸው 07 እና 25 ነው። ከወሎ የሚመጣ አውሮፕላን ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚደርሰው። በ25 ካረፈ አጭር ነው፣ ከምሥራቅ ገብቶ ይቀመጣል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ግን በ07 ነው የሚያርፈው፤ ያኔ ከተማውን አልፎ ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይመጣል። ይህ ብቻውን 5 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይጨምራል። ከፊቱ ሌሎች አውሮፕላኖች ከተሰለፉ ደግሞ አየር ላይ ያዞሩታል።

ስለዚህ ከመሬት ከለቀቀ እስኪነካ ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ያዝ። ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ግን ይህን አይለካም። የቲኬቱ ጊዜ የሚጀምረው በሩ ተዘግቶ አውሮፕላኑ ከቆመበት ሲንቀሳቀስ፣ የሚያልቀው ቦሌ መጥቶ ሲቆም ነው። ቦሌ ላይ ወርዶ መቆሚያው እስኪደርስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መንዳት አለ። በዚያ ላይ አየር መንገዱ ለትንሽ መዘግየት መተንፈሻ ያስቀምጣል። 1 ሰዓት የሚለው ከዚህ ነው የመጣው፣ አልተጋነነም።

ሸዋ በር
ታዲያ ጄት ቢመደብ ግማሽ ይሆን ነበር ማለት ነው?

ማኮብኮቢያ
አይሆንም። ጄቱ የሚያተርፈው በዚያች 136 ኪሎሜትር ላይ ብቻ ነው። በ800 ብትበራት 10 ደቂቃ ገደማ፣ በ600 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ትርፉ 4 ደቂቃ አይሞላም። መውጣቱ፣ መውረዱ፣ መሰለፉ፣ መሬት ላይ መንዳቱ ያው ነው። ድሮ ፎከር 50 የሚባለው አውሮፕላን ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ 500 ነበር፤ ከ2002 ዓ.ም ወዲህ ኪው 400 ሲመጣ በዚህ መስመር የተቆረጠው 2 እና 3 ደቂቃ ነው። የፊት ነፋስም እንዲሁ ነው፦ 55 ኪሎሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ቢገጥመው የሚያዘገየው ከአንድ ደቂቃ ትንሽ በላይ ነው። አጭር በረራ ላይ ጊዜ የሚበላው መሬቱ ነው፣ ሰማዩ አይደለም።

ሐረጎ ላይ
ማኮብኮቢያ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ልክ ብሏታል። እናት ናቸው የሚሄዱት ከተባለ የመሬቱን ልጻፍ።

ከደሴ ፒያሳ ኮምቦልቻ ማረፊያ በኮንትራት መኪና 45 ደቂቃ ያዝ፤ በሚኒባስ ከሆነ እስኪሞላ መጠበቁን ጨምረህ 1 ሰዓት ተኩል። ሚኒባሱ ከተማ ነው የሚያወርደው፣ ማረፊያው ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሆነ ከዚያ ባጃጅ ያስፈልጋል። ሻንጣ ላላቸው ትልቅ ሰው ኮንትራቱ ይሻላል። ክረምት ላይ በዚህ ሁሉ 30 ደቂቃ ጨምር። ሐረጎ በጉም ሲሸፈን ሾፌሩ ፊቱን አያይም፣ ከባድ መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ መቅደሚያ የለም፤ ከኋላው ተሰልፎ መውረድ ነው።

በረራው ከሚነሳበት 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ። ትንሽ ማረፊያ ነው ብሎ መዘናጋት የተለመደ ስሕተት ነው፤ መግቢያ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፍተሻ። ተመዝጋቢ የሚቀበለው ካውንተር ደግሞ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ ብዙ ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል። አውሮፕላኑ ገና ከቦሌ አልመጣም ማለት ካውንተሩ ክፍት ነው ማለት አይደለም።

በረራ 1 ሰዓት። ቦሌ ሻንጣ እስኪመጣ 20 እና 30 ደቂቃ። ከቦሌ መርካቶ እንደ መንገዱ ጭንቅንቅ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኩል።

ድምር፦ ሲፈጥን 5 ሰዓት ገደማ፣ ሲዘገይ 6 ሰዓት ተኩል፣ በክረምት እስከ 7 ሰዓት። በአውቶቡስ ደግሞ ሌሊት 11 ሰዓት ከመናኸሪያ ተነስቶ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጎ፣ ደብረ ሲናን ወጥቶ፣ ጣርማበር ዋሻውን አልፎ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርስ ወይ ምሳ ተበልቶ፣ 400 ኪሎሜትሩ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ነው። ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ አይረሳ፤ አንድ ኬላ ላይ መቆም ብቻ ይህን ሁሉ ቁጥር ሊሽረው ይችላል።

እንግዲህ ትርፉ 3 ሰዓት ያህልና የወገብ ሕመም ነው። «በ40 ደቂቃ አዲስ አበባ» የሚለው ማስታወቂያ የአውሮፕላኑን ነው የሚናገረው፣ የተሳፋሪውን አይደለም።

ቲኬት ቤት
ከርቀቱም ከጊዜውም ይልቅ ሰው በረራ የሚያመልጠው በሰዓት አቆጣጠር ነው። ሰኞ ገበያ፣ ለእናትህ ቲኬቱን በስልክ ከምትልክላቸው በፊት ይህን በእጅህ ጻፍላቸው።

ቲኬት ላይ ያለው በ24 ሰዓት ነው፣ የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው። 6 ቀንስ። 07:40 ማለት ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ነው። 13:15 ማለት ከሰዓት 7 ሰዓት ከሩብ። ከ13 በላይ ሲሆን አንዳንዱ 12 ቀንሶ «1 ሰዓት ከሩብ» ይላል፣ ይህ የፈረንጁ 1 ሰዓት ነው፤ እናት ግን ጠዋት 1 ሰዓት ነው የሚሰሙት። ከ19 ጀምሮ ላለው 18 ቀንስ፦ 20:30 ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከ00 እስከ 06 ላለው ደግሞ 6 ደምር፦ 01:30 ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው። በፈረንጁ ቀን የሚቀየረው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ 6 ሰዓት ላይ ነው። እኛ ግን ሌሊቱን ከማታው ጋር ነው የምንቆጥረው። ቲኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ካለ እኛ «ሰኞ ሌሊት» ነው የምንለው፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ማክሰኞን ውሎ ማታ ሻንጣ ይዞ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። የኮምቦልቻው በረራ በቀን ስለሆነ ይህ ችግር የለበትም፤ ከቦሌ ጅዳ፣ ሪያድና ቤይሩት በሚሄዱት ላይ ነው የሚመጣው።

ቀኑም እንዲሁ የፈረንጅ ነው። «ጥር 5» ያለህ ሰው ጃንዋሪ 5 ማለቱ ይሁን ወይስ የእኛውን ጥር፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀው። ልዩነቱ ስምንት ቀን ነው፣ ጳጉሜን 6 ሆና በገባው ዓመት ዘጠኝ።

ጦሳ ሥር
ቲኬት ቤት፣ በበዓል ጊዜስ? ለግሸን ቦታ ይገኛል?

ቲኬት ቤት
ግሸን ማርያም መስከረም 21 ናት፣ ኦክቶበር 1 ላይ ነው የምትውለው፤ ጳጉሜን 6 ሆና በገባው ዓመት ኦክቶበር 2። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት ወደ ኮምቦልቻ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ደግሞ ወደ ቦሌ ነው የሚሞላው። አንድ ኪው 400 ሰማንያ ሰው አይሞላም፣ ጥቂት አውቶቡስ ተሳፋሪ ወደ አየር ሲዞር ቦታው ያልቃል። የመውሊድና የዒድ ደግሞ በጨረቃ ስለሆነ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ «አምና በዚህ ቀን ቦታ ነበረ» ብሎ ማሰብ አይሠራም። ለላሊበላ ገና ግን ቀኑ በፈረንጁ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። በእኛ ታኅሣሥ 29፣ ጳጉሜን 6 ሆና በገባው ዓመት 28። በ2016 ዓ.ም 28 ነበር የዋለው፣ በ2020 ዓ.ምም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ቲኬት ስትቆርጡ በፈረንጁ ብትይዙት አትሳሳቱም።

የራያ መንገደኛ
እኔ ከወልድያ ነኝ። ካርታ ላይ ላሊበላ ማረፊያ ነው የሚቀርበኝ። ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድ እሱ አይሻልም?

ካርታና ኮምፓስ
በቀጥታ መስመር አዎ፦ ወልድያ ላሊበላ ማረፊያ 69 ኪሎሜትር፣ ወልድያ ኮምቦልቻ ማረፊያ 84። በመንገድ ግን ያ ብልጫ ይጠፋል። ወደ ኮምቦልቻ በሐይቅና በደሴ 145 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ወደ ላሊበላ ደግሞ በድልብ ዳገቱን ወጥተህ፣ ጋሸና ደርሰህ፣ ወደ ሰሜን ትታጠፋለህ። አፋፉን መውጣት አለ፣ ከጋሸና በኋላም ጠመዝማዛ ነው። ካርታ ላይ የምታየው ቅርበት አሞራ ለሆነ ሰው ነው።

ላስታ
ከላይ ለተባለው ልጨምር። የላሊበላ ማረፊያ ከተማው ውስጥ አይደለም፣ ከከተማው 23 ኪሎሜትር ያህል በታች፣ ወደ ጋሸና በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከጋሸና ለሚመጣ ይህ ጥቅም ነው፣ ከተማ ሳይገባ ማረፊያውን ያገኘዋል። ከፍታው 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ከተማው 2,500 አካባቢ ስለሆነ ከማረፊያው ወደ ከተማ ሲወጣ 40 ደቂቃ ይፈጃል።

ከቦሌ ላሊበላ በአየር 332 ኪሎሜትር ነው፣ 179 ኖቲካል ማይል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ማለት ይቻላል። በመንገድ ግን በደሴ፣ በወልድያና በጋሸና ዞሮ 700 ኪሎሜትር ይጠጋል። ደሴ ላይ መንገዱ ከአየሩ 1.6 እጥፍ ነው፣ ላሊበላ ላይ ከ2 እጥፍ ይበልጣል። ለዚህ ነው ለላሊበላ አውሮፕላን ቅንጦት ያልሆነው፤ የአየሩ ርቀት በ79 ኪሎሜትር ሲጨምር በረራው የሚረዝመው በ8 ደቂቃ ነው፣ መንገዱ ግን ሌላ ሙሉ ቀን ይጨምራል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ማረፊያው ሸለቆ ውስጥ ነው፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በቀጥታ 30 ኪሎሜትር ቢርቅ ነው፣ ጫፉም ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ከማረፊያው 2 ኪሎሜትር ሽቅብ ማለት ነው። አውሮፕላኑ እንደልቡ ቀድሞ መውረድ አይችልም። በላይ መጥቶ፣ ሸለቆውን አይቶ፣ ዞሮ ነው የሚወርደው። ተሳፋሪ «ለምን ያዞረናል» ብሎ የሚጨነቅበት ዙር ይኸው ነው።

የቦርከና ልጅ
የአየሩ ጠባይ ስላልተነሳ እሱን ላንሳ፤ ኮምቦልቻ ላይ በረራ የሚዘገየው ወይ የሚሰረዘው በሁለት ምክንያት ነው፣ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው።

አንዱ የክረምቱ ደመና ነው። ኮምቦልቻ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ነው የተቀመጠችው፣ ዙሪያዋ ተራራ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ተራራው ላይ ሲጋደም ከታች ዝናቡ ቢያባራም ከላይ የሚመጣው አብራሪ መግቢያውን አያይም። ደሴ ላይ ፀሐይ ወጥቷል ብሎ «ለምን ሰረዙት» ማለት አይጠቅምም። አውሮፕላኑ ሲነሳ ለመድረሻው የሚበቃ ነዳጅ ብቻ አይዝም፤ መድረሻው ካልተመቸ ወደ ሌላ ማረፊያ የሚወስደውን፣ በዚያ ላይ 30 ደቂቃ አየር ላይ የሚያቆየውን ይጨምራል። ስለዚህ ኮምቦልቻ አናት ላይ ደርሶ ተመልሶ ቦሌ ማረፍ አደጋ አይደለም፣ የታሰበበት ነው። ተሳፋሪው ግን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ አየር ላይ ቆይቶ ቦሌ ተመልሶ ይወርዳል። ቦሌ የሚሄደው ሰው ደግሞ ኮምቦልቻ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ የሚጭነው ያው የተመለሰው አውሮፕላን ነበርና።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ሞቃት አየር ይሳሳል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለውም ይሳሳል፤ ኮምቦልቻ ሁለቱም አላት። ቁጥሩን ልስጣችሁ፦ በ6,100 ጫማ ላይ ለአውሮፕላን መለኪያ የተያዘው መደበኛ ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። ግንቦት ከሰዓት 28 ዲግሪ ቢሆን ትርፉ 25 ዲግሪ ነው። ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲደመር 3,000 ጫማ ይመጣል። አውሮፕላኑ 9,100 ጫማ ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ እንደቆመ ነው የሚሰማው። ክንፉ ያነሰ ይሸከማል፣ ሞተሩ ያነሰ ይገፋል፣ ለመነሳት ረዥም ሩጫ ያስፈልጋል። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው፦ መጀመሪያ ጭነት፣ ቀጥሎ ሻንጣ፣ ሲከፋ ሰው። «ሻንጣዬ በሚቀጥለው መጣ» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የጠዋት በረራ የሚመረጠው ለዚህም ጭምር ነው። ለእናት ከሆነ የጠዋቱን ያዝ፣ መድኃኒታቸውን በእጅ ቦርሳ፣ በሻንጣ አይደለም።

ሰኞ ገበያ
እጅግ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ያልነገርኳችሁ አለ፤ እናት ከቦሌ ወደ ጅዳ ይቀጥላሉ፣ ለዑምራ። ኮምቦልቻ የጠዋት፣ ጅዳ በዚያው ቀን ማታ። ይደርሳል?

ቲኬት ቤት
ይደርሳል፤ ግን ሁለቱ በረራ በአንድ ቲኬት ነው ወይስ በሁለት? መልሱ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ ነው ያለው።

በአንድ ቲኬት ከሆነ የኮምቦልቻው ቢዘገይ ወይ ቢሰረዝ ወደ ሌላ የጅዳ በረራ የማዛወር ኃላፊነቱ የአየር መንገዱ ነው። የሻንጣውም ኪሎ የሚታየው በረዥሙ በረራ ደንብ ነው። በሁለት ቲኬት ከሆነ ጅዳው ቢያመልጥ ኪሳራው የራሳችሁ ነው፣ የአገር ውስጡም ሻንጣ በአገር ውስጡ ልክ ነው የሚመዘነው፤ ትርፍ ኪሎ ኮምቦልቻ ላይ ያስከፍላል። በሁለት ቲኬት ከሆነ ከ6 ሰዓት ያነሰ ልዩነት አትያዝ። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ቀድመው ይውረዱ፣ የቦርከና ልጅ የጻፈውን አንብበሃል።

ኮምቦልቻ ካውንተሩ ጋ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ተመልከት። ጄ ኢ ዲ የሚል ካለበት ጅዳ ነው የሚገኘው፣ ቦሌ ላይ አይፈለግም። ኤ ዲ ዲ ብቻ ካለ ቦሌ ላይ መውሰድና እንደገና ማስመዝገብ አለባቸው። የአገር ውስጡ ተርሚናል 1፣ ወደ ውጭው ተርሚናል 2 ነው፤ ጎን ለጎን ናቸው፣ ግን ለእናት ብቻቸውን ከሻንጣ ጋር አይቀልም። ፓስፖርትና ቪዛ የሚታየው፣ የኢሚግሬሽን ማኅተም የሚመታው ቦሌ ነው፣ ኮምቦልቻ አይደለም፤ ለዚያ ሰልፍ ጊዜ ተው።

ካርታና ኮምፓስ
ጅዳ ከቦሌ በቀጥታ መስመር 1,405 ኪሎሜትር ነው፣ ከ2 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል የሚያዝ በረራ። የሚያስቀው፣ ከቦሌ ጅዳ መስመር ብትሰምር ወሎን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው፣ ከላሊበላ ማረፊያ 10 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ወደ ምዕራብ። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ 253 ወርደው፣ ያንኑ ሁሉ ተመልሰው ወደ ሰሜን ያልፉታል ማለት ነው። አውሮፕላኑ ትክክለኛዋን መስመር ባይከተልም።

ሰዓቱ አይቀየርም፣ ሳዑዲና እኛ በአንድ ሰዓት ነን። ዱባይ ቢሆን ኖሮ በ1 ሰዓት ይቀድሙናል፤ 4 ሰዓት የሚፈጀው በረራ ቲኬት ላይ ሲሄድ 5፣ ሲመለስ 3 መስሎ ይታያል።

ሰኞ ገበያ
ቲኬቱን አሁን አየሁት፣ ሁለት ነው። የኮምቦልቻውን ወደ ቀድሞው ቀን አዛውራለሁ፣ በጠዋቱ።

ሐረጎ ላይ
እንደዚያ ከሆነ ከፒያሳ 3 ሰዓት ተኩል ቀድመው ይውጡ፤ አንዱ ለሐረጎ፣ ሁለቱ ለካውንተሩ፣ ግማሹ ለጉሙ። አላህ ይቀበላቸው።